ልጇን ለምዘና ለምትወስደው እናት፦ ከወንበሩ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ አራት ዓመቱ ነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ሲፒ፦ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፣ ሳይደገፍ መቀመጥ ይቸግረዋል፣ አያወራም። ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ይመዘን ተብላችኋል፤ «ምን ልዘጋጅ?» ነው ያልሽው። የእኔም ልጅ በዚያው ዕድሜ በዚያው ሁኔታ ነው ያለፈችው። ስለ ሲፒ ምንነት አላስረዳሽም፤ አብረሽው ነው የምትውይው። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. የሚቀመጥበትን ወንበር ይዘሽ ሂጂ። ቢከብድም ተሸክመሽው ሂጂ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ። ሰውነቱን መደገፍ የማይችል ልጅ ሐሳቡ ሁሉ እንዳይወድቅ ነው። ዳሌው ወደ ኋላ ተጠግቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እግሩ መርገጫ ላይ ሲያርፍ ግን አንገቱ ይቀናል፣ እጁ ነፃ ይወጣል፣ ዓይኑም የሚያየውን ይከተላል።

እኛን የተቀበለን ሰውዬ ልጄን ከፍ ያለ የምርመራ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጣት። እግሯ ተንጠለጠለ። በሩ ጓ ሲል ደነገጠች። ስትደነግጥ ደግሞ ጡንቻዋ ሁሉ ይገተራል። እንደዚያ ሆና «ኳሱን ያዢ» አላት። እጇ ገና መዘርጋት ሲጀምር ኳሱን መልሶ አነሳው። ከዚያ ወዲያ ፊቷን እንኳ አላየም። «ይገባታል?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ፣ እሷ እየሰማች! «ሁሉም ነገር ይገባታል» ስለው «እናት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝና ወረቀቱ ላይ «መመሪያ አትቀበልም» ብሎ ጻፈ።

ይህች አንዲት መስመር ናት መከራችንን ያበዛችው። የሄድንበት ትምህርት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ነው። ልጄን ሳያዩ ወረቀቱን አይተው መለሱን። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

2. ቤት የሚያደርገውን በስልክሽ ቅረጪ። ሲበላ፣ ሲለብስ፣ የሚፈልገውን ሲጠይቅ። ባልለመደው ክፍል የሚያሳየውና በየቀኑ የሚያደርገው አንድ አይደለም። ቪዲዮውን አትቁረጪው፤ ቀርፋፋ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ይታይ። የእኔ ልጅ ሹራቧን ራሷ ታጠልቃለች። መጀመሪያ የሚከብዳትን እጅ፣ ከዚያ ደህነኛውን፤ ስታወልቅ በተቃራኒው። ረጅም ጊዜ ይወስድባታል፤ ግን ማንም አይነካላትም። ይህን ያስተማራት ሐኪም አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቀደም ብለን እየተነሳን፣ እኔና እሷ ነን የተለማመድነው።

3. «አዎ» እና «አይ» የሚልበትን መንገድ ገና ከበር ንገሪያቸው። የእኔዋ ዓይኗን ወደ ላይ ካነሳች አዎ ማለቷ ነው። ጠይቀው እንዲጠብቁትም ንገሪያቸው። ሲፒ ያለበት ልጅ ጥያቄው ገብቶት ሰውነቱን እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ችኩል መርማሪ ያንን ዝምታ «አያውቅም» ብሎ ይጽፈዋል።

4. ደረጃ ሲሰጡት «የምኑ ደረጃ?» ብለሽ ጠይቂ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂኤምኤፍሲኤስ የሚባለው ባለ 5 ደረጃ መለኪያ የሚያየው መቀመጥን፣ መንቀሳቀስንና መራመድን ብቻ ነው። ለእጅ አጠቃቀም፣ ለመግባባት፣ ለመብላትና ለመጠጣት ከዚያ በኋላ የወጡ፣ ለየራሳቸው የሆኑ ባለ 5 ደረጃ መለኪያዎች አሉ። 1ኛ ቀላሉ፣ 5ኛ ከባዱ ነው፤ በእንቅስቃሴ 5ኛ የሆነ ልጅ በመግባባት 1ኛ ወይም 2ኛ ሊሆን ይችላል። ስለ እግር የተሰጠች ቁጥር የአእምሮ መለኪያ አይደለችም። ይህን እዚያው ፊታቸው ተናገሪ፤ አትፈሪ።

5. እንቅልፉን፣ ሕመሙን፣ የሚጥል በሽታ ካለበትም መድኃኒቱን ጽፈሽ ያዢ። ሌሊቱን ሲያመው ያደረ ልጅ ቀን ላይ ፈዞ ቢውል አይገርምም። ዓይኑና ጆሮው ካልታየም መጀመሪያ ይታይ፤ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ እንዴት ይመልስላቸዋል? የዳሌ ራጅም ጠይቂ። ራሳቸውን ችለው በማይራመዱ ልጆች ላይ ዳሌ ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። «አላለቀሰም እኮ» ቢሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ።

ሁለተኛ ምዘና የጠየቅነው በጽሑፍ ነው። «አንዴ ተመዝናለች» ብለው ሲያመላልሱን ከረሙ፤ እኛም አልለቀቅናቸውም። በስተመጨረሻ ያገኘናት ባለሙያ ልጄን በራሷ ወንበር አስቀመጠቻትና ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። ሥዕሎች ደረደረችላት፤ ጠየቀቻት፤ ጠበቀቻት። ልጄ በዓይኗ እየመረጠች መለሰችላት። ሴትዮዋ ያን አሮጌ ወረቀት አንብባ ስታበቃ ምንም አላለችም፤ ሌላ ጻፈችልን። አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ናት። በሥዕል ሰሌዳ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ጓደኞቿንም ታስቃለች። ይህን ስጽፍልሽ ደረቴን ነፍቼ ነው።

አንቺም የሚጽፉትን ሳታነቢ አትፈርሚ። «አይችልም» የሚል ካየሽ «በምን ሁኔታ?» የሚለው አብሮ ይጻፍ በይ፤ ያለ ድጋፍ ነው? በድጋፍ ነው? ስንት ደቂቃ ተጠብቆ? ቀጠሮውም መድኃኒቱ በማያፈዘው ሰዓት ይሁንልሽ።

እስከዚያው የወንበሩን ነገር ጻፊልኝ። ሲቀመጥ እግሩ ያርፋል ወይስ ይንጠለጠላል? ወደ አንድ ጎንስ ያዘነብላል? በዚያ እናስተካክለው።