አዳራሻችን ሊሸጥ ነው ላልሽው እህት፦ መጀመሪያ 21 ሰው ቁጠሪ

እህቴ፣ «እድራችንና የልጆቹ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ያለበት አዳራሽ ሊሸጥ ነው፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ሊያስቆመው ይችላል ወይ?» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኛም እዚሁ ለንደን ያየነው ነው። ፊርማ አሰባስቡ ያሉሽ ብዙ ናቸው፤ እኔ ዋጋ ያስከፈለንን ልንገርሽ።

1. ሳይሸጥ በፊት አዳራሹ በካውንስሉ «አሴት ኦፍ ኮሚውኒቲ ቫልዩ» (ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት) መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አመልክቱ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎካሊዝም ሕግ የሰጠን መብት ነው። ካውንስሉ በ8 ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት፤ ከሰፈረ 5 ዓመት ይቆያል።

2. አመልካቹ ማን እንደሆነ አጥብቃችሁ ያዙ። እኛን የጣለን ይሄ ነው። እድራችሁ እንደ እኛ በቻሪቲነት (በበጎ አድራጎት ድርጅትነት) ካልተመዘገበ፣ ቢያንስ 21 አባላቱ በዚያው ወይም በአጎራባች ካውንስል የመራጮች መዝገብ ላይ መገኘት አለባቸው። እኛ 64 አባላት አሉን ብለን የሁሉንም ስም አያይዘን ላክን። ከወር በላይ ቆይቶ መልስ መጣ፦ መዝገቡ ላይ የተገኙት 17 ናቸው፣ አይበቃም። ብዙዎቻችን የመኖሪያ ወረቀት እንጂ የእንግሊዝ ዜግነት የለንም፤ ያለ ዜግነቱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መራጭ ሆኖ አይመዘገብም። ዜግነቱ ያላቸውም ቢሆኑ ከነሱ ውስጥ የተመዘገቡት ጥቂት ነበሩ። አራት ሰው ጎደለን! ገንዘብ ያዣችን ደብዳቤውን ከቡናው ረከቦት አጠገብ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ አሁንም ይታየኛል። ሦስት ጊዜ ቆጠሩት።

ካውንስሉ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሠራተኛ «መመሪያውን ማንበብ ነበረባችሁ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሃያ ዓመት ቀረጥ የከፈልኩበት ቢሮ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያዳኑን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያው አዳራሽ ተሰብስበው ምሳ የሚበሉ የጃማይካ እናቶች ናቸው። እንደ ጃማይካ ያሉ የኮመንዌልዝ አገሮችና የአየርላንድ ዜጎች የእንግሊዝ ዜግነት ባይኖራቸውም መምረጥ ይችላሉ። ከነሱ ጋር አንድ የተጠቃሚዎች ማኅበር መሠረትንና 38 የተመዘገበ ስም ይዘን ተመለስን። ግን ረፍዶ ነበር። ውሳኔ ስንጠብቅ ባለቤቱ ውል ተፈራርሞ ሸጠው። መዝገቡ ላይ ቢሰፍር ኖሮ መሸጥ ሲያስብ ለካውንስሉ ማሳወቅ ነበረበት፤ በ6 ሳምንት ውስጥ «መግዛት እንፈልጋለን» ብንል ሽያጩ እስከ 6 ወር ይታገድልን ነበር። ለእኛ እንዲሸጥ ግን አይገደድም። ይሄንን የ6 ወር ጥያቄ ደግሞ ያልተመዘገበ እድር አያቀርብም፤ ቻሪቲ ወይም ሌላ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቻሪቲውን ከአሁኑ ጀምሩት።

3. ከተሸጠ በኋላም አላለቀም። ገዢው አፍርሶ አፓርታማ ሊሠራ የፕላኒንግ (የግንባታ) ፈቃድ ጠየቀ። ለአስተያየት የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 21 ቀን ነው። ባለቤቱ መሸጡ በደለን ብላችሁ አትጻፉ፣ ለፕላኒንግ ጉዳይ አይደለም። የካውንስላችሁን ሎካል ፕላን (የአካባቢውን የግንባታ ዕቅድ ሰነድ) አውርጂና ስለ ማኅበረሰብ መገልገያዎች የሚለውን ፖሊሲ በቁጥሩ ጥቀሱት። የ2021ዱ (እ.ኤ.አ.) የለንደን ፕላን፣ ማለትም የመላው ከተማ ዕቅድ፣ ፖሊሲ ኤስ 1ም አለላችሁ፤ ፍላጎቱ በታወቀበት አካባቢ እንዲህ ያለ ቦታ ያለ ምትክ እንዳይጠፋ ይላል። ደብዳቤ ገልብጣችሁ አትላኩ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቃል ይጻፍ። እኛ አዳራሹን ማን በስንት ሰዓት እንደተከራየ የተጻፈበትን የሦስት ዓመት ደብተር ፎቶ አንስተን አያያዝን። ባዶ ቅዳሜ አልነበረውም። የፕላኒንግ መኮንኗ በሪፖርቷ የጠቀሰችው ያንን ደብተር ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። ሁለተኛው ምድር ቤቱ ላይ አዳራሽ ይዞ መጣ፤ ዛሬ ልጆቻችን ሀሁ የሚቆጥሩት እዚያ ነው። ይሄንን ያደረግነው ታክሲ ነጂዎችና የእንክብካቤ ሠራተኞች ነን፣ ጠበቃ አልነበረንም። አንድ የሚቆጨኝ፣ «አዳራሽ» ብቻ ብለን ወጥ ቤቱን መርሳታችን ነው። የተሰጠን አንድ መታጠቢያና ሁለት ምድጃ ነው፤ ለለቅሶ የሚሆን ብረት ድስት አይጣድበትም። እናንተ የወጥ ቤቱን ስፋት፣ የጭስ መውጫውንና የኪራዩን ልክ ካውንስሉ ከገንቢው ጋር በሚፈራረመው ስምምነት ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ።

የፊታችን እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ የመራጭነት ምዝገባውን ስልክ ላይ ከፍተሽ ዜግነቱ ያለውን ሁሉ እዚያው አስመዝግቢ። 21 ሲሞላ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የእኛን ሁለተኛ ማመልከቻ እልክልሻለሁ።