ስምና ግስ የማይለይ ቋንቋ አለ እንዴ?

ጥያቄ፦ ከድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነኝ። አማርኛ ኦሮምኛ ሶማልኛ እያቀላቀልን ነው የምናወራው፣ አንዱ ጓደኛዬ ግን "ስምና ግስ የማይለይ ቋንቋ አለ" ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አቦ ጓደኛህ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ላይ ድሮ ኑትካ ይሉት የነበረ ቋንቋ አለ፣ ሞሪስ ስዋዴሽ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ በ1939 የጻፈበት። እዛ "ሰውዬው ይሠራል" ለማለትም "የሚሠራው ሰው ነው" ለማለትም እነዛኑ ሁለት ቃላት ቦታ ማቀያየር ነው፣ "ነው" የለ "የሚ" የለ፣ ማሰሪያዋ "ማ" የምትባለው ቅጥያ "ሰው" ላይም "መሥራት" ላይም እኩል ትለጠፋለች። ይሄን ያየ ሰው በቃ ልዩነት የለም ቢል አይፈረድበትም። በኋላ ሲፈተሽ ግን "ሰው" ያለ ምንም ምልክት ባለቤት ሆኖ ይገባል፣ "መሥራት" ግን እንደኛ "ው" ዓይነት ምልክት ካልተለጠፈበት አይገባም። ቀጭን ልዩነት ናት፣ ግን አለች። የፊሊፒንሱ ታጋሎግና የህንዱ ሙንዳሪ የሚባሉ ቋንቋዎች ላይም ያው ጭቅጭቅ አለ፣ እኔ "ልዩነት አለ" ከሚሉት ጋር ነኝ።

ያሳሳተን ትምህርት ቤት "ግስ ድርጊት ነው" ብለው ያስሸመደዱን ነገር ነው። ሩጫ ድርጊት አይደል? ግን ሩጫው፣ ሩጫዎች፣ ሩጫውን እንላለን፣ ስም ነው። "መሰለ" ደግሞ ምን ድርጊት አለው፣ ግን መሰልኩ መሰልሽ መሰሉ እያለ ይረባል። መታየት ያለበት ቃሉ የሚሸከመው ምልክት ነው።

ድሬን የሞሏትን ባጃጆች እያቸው፣ ስሙ ከህንድ ካምፓኒ መጣ፣ ወዲያው ባጃጁ ባጃጆች ባጃጇን አልነው፣ "ባጀጀ" ያለ ሰው ግን ሰምተህ ታውቃለህ? ቻርጅ አደረግኩ፣ ዴሊት አደረገው፣ ብሎክ አደረገችኝ ነው የምንለው፣ ምክንያቱም የኛ ግስ ሥር (ማለት ተነባቢዎቹ ብቻ) እና አናባቢ ተጠላልፈው ነው የሚሠራው፣ ባዕድ ቃል እዛ ውስጥ በቀላሉ አይገባም፣ ስለዚህ "አደረገ"ን ተደግፎ ይመጣል። ሥሩን ብቻውን ካየኸው ግን፣ ስ-ብ-ር በለው፣ ስምም ግስም አይደለም፣ ሰበረ ወይ ስብራት የሚያደርገው ቅርጹ ነው። ጓደኛህ "ሥር ላይ አይለይም" ብሎ ቢሆን እኮ ካናዳ ድረስ መሄድም አያስፈልገው!

ለሚቀጥለው ክርክር ቅጽልን ይዞ ይምጣ፣ እዛ ላይ ቋንቋዎች በጣም ይለያያሉ። እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለውን ረሃብ እኛ ራሳችን "ራበኝ" ብለን በግስ ነው የምንጨርሰው።