በረቱ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

የእንስሳት ሕክምና ተምራችሁ ገና ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በምዕራብ አየርላንድ ገጠር ላም ሳክም ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ በረት ገብቼ «እንዴት ያለች ላም ናት!» አልኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ፊታቸው ጠቆረ። ኋላ ጎረቤታቸው ነገረኝ፤ በድሮው ልማድ የሰው ከብት ሲደነቅ «እግዜር ይባርካት» ይባላል። ሳይመርቁ ማድነቅ ዐይን ማሳረፍ ነው። ቡዳ ሲፈራ ያደግሁት እኔ ይሄ እንዴት ጠፋኝ?

ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆሜ መርቄ እገባለሁ። ላሟም ድምፄን ሰምታ ስለምትጠብቀኝ አትደነግጥም።

በብዙ በረት ከቄጠማ የተጎነጎነ የአየርላንድ ቅድስት የሆነችው የብሪጂት መስቀል ታያላችሁ። በዓሏ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ነው። በዋዜማው ቅድስቲቱ እንድትባርከው ብለው ጨርቅ ደጅ ያሳድሩና፣ ምጥ የጠናባት ላም ላይ ጣል ያደርጉታል። ጨርቅ ጥጃ አያዋልድም። ጨርቁን የያዘው ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ነው።

ሁሉም ልማድ ደግ ነው አልልም። ወልዳ መነሳት ያቃታትን ላም «ጭራዋ ውስጥ ትል አለ» ብለው ጭራዋን ሰንጥቀው ነጭ ሽንኩርት ይቀብሩበት ነበር። ትል የለም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደላት ካልሲየም ነው፤ ወተቱ ሲመጣ ከደሟ ይወስድባታል፣ ጆሮዋም ይቀዘቅዛል። በደም ሥሯ ስጧት፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ከቸኮላችሁ ልቧን ታቆማላችሁ።

እንገርን በተመለከተ እንኳ ብዙ አላደክማችሁም፦ ጥጃው ከመጀመሪያው አለባ፣ በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ 3 ሊትር ይጠጣ። የገጠር እናቶች በሊትር ባይለኩትም፣ ጥጃውን በጭብጥ ገለባ አሽተው ሳያደርቁና እንገሩን ሳያጠጡ አይተኙም።

ባለሙያ ነኝ ብላችሁ ግን ጆሯችሁን አትድፈኑ። አንድ ምሽት አንዲት አሮጊት ደወሉልኝ። ላማቸው በማለዳ ወልዳለች። «ትበላለች?» አልኳቸው። «ትንሽ ትንሽ። ግን ጆሮዋ ቀዝቅዟል» አሉኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ዝናቡም ያስጠላል። ጆሮ በዚህ ብርድ ባይቀዘቅዝ ነው የሚገርመው ብዬ ለነገ ቀጠርኳቸው።

ነጋ፣ ሄድኩ። ሴትዮዋ ላሟን በጆንያ ሸፍነዋት በሩ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡኝም፤ ሻይ አፈሉልኝ። የካልሲየሙ ጠርሙስ ሌሊቱን ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ነበር።