ሳይሞት የሚያወርስ ወላጅ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምራለሁ። ክላስ ስለሚባሉት የፕሮግራም ንድፎች ሳስረዳ «ልጁ ክላስ ከወላጁ ክላስ ይወርሳል» ስል ተማሪዎቼ «ታዲያ ወላጁ ሞቷል?» ይሉኛል። በአፋን ኦሮሞ «ዻለ» ብላቸውም ጥያቄው አይቀርም። የምናስተምርበት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫ ግን ከልጁ በፊት ወላጁን ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ ይጭናል። «ውርስ» ማለት ልክ ነው? ወላጁንስ «ተወራሽ» ልበለው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ደግ ጠይቀዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። በጃቫ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወላጁ ካልተገኘ ልጁ ጨርሶ አይጫንም፤ ሲሰናዳም ወላጁ ይቀድማል።

ስለዚህ እኔ «ርስት»ን እመርጣለሁ። ወለደ «ልደት»ን፣ ወረደ «ርደት»ን እንደ ሰጡ፣ ግእዙ ወረሰም መነሻ «ወ»ውን ጥሎ «ርስት»ን ሰጥቷል። ዐረብኛው «ወሪሠ» ሲል «ወ»ን ጠብቋል፤ ዕብራይስጡ «ያራሽ» ብሎ በ«የ» ለውጧል። የጎጃም ርስተኛ ድርሻውን የሚጠይቀው የትውልድ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ነበር። ጃቫም ልጁ ዘንድ ያጣውን ዘዴ (ክላሱ የሚያከናውነውን ተግባር) ሽቅብ፣ ከወላጅ ወደ አያት፣ የክላሶች ሁሉ መነሻ እስከ ሆነው «ኦብጀክት» ድረስ ይፈልጋል። ስም ብቻውንም አያበቃም፦ አንዱን ክላስ ሁለት ጫኚዎች (ክላስ ፈልገው የሚጭኑ የጃቫ ክፍሎች) ለየብቻ ቢጭኑት ሁለት ሞክሼዎች ይሆናሉ፤ የአንዱ ልጅ ለሌላው ባዳ ነው።

«ርስት መሬት ብቻ ነው፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር ቀርቷል» የሚሉ አሉ። «የመንግሥተ ሰማያት ርስት» ሲባል ታዲያ የትኛው ማሳ ነው? ይልቅ የዚያ ዓመት አዋጆች የጎዱት «ተወረሰ»ን ነው። ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ቃሉ መነጠቅን ያሰማል፤ ከወላጁ ክላስ ግን አንዳች አይነጠቅም። ስለዚህ «አውራሽ» ይበሉት፤ «ተወራሽ» አይበሉ።

ሆኖም የሚያስተምሩትም የሚማሩትም «ውርስ» ብለው ለምደዋል፤ «ርስት» እንዲተካው ብመኝም ልማዱ አሸንፏል። «ውርስ» ይበሉ፤ አውራሹ ቀድሞ እንደሚጫንና ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ ግን በዚያው ትምህርት ይንገሯቸው። «ወላጅ ጫኚ» ላይ ሲደርሱ ግን «ውርስ» የሚለውን ቃል ይተዉት። ጫኚ «ይህን ክላስ አንተ አለህ?» ብሎ ጥያቄውን አስቀድሞ ወደ ወላጁ ያስተላልፋል እንጂ አይወርሰውም፤ ያ ውክልና ነው።