አዲስ ኮንዶሚኒየም ገብቼ ሰው አላወቅኩም ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ከገባችሁ ሁለት ወር እንደሆናችሁ፣ ባልሽ ሥራ ሲውል ከሕፃን ልጅሽ ጋር ብቻሽን እንደምትውዪ፣ ደረጃ ላይ ከ«እንዴት አደራችሁ» ያለፈ ወሬ እንደሌለ፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው በር ደግሞ ሁለት ጊዜ አንኳኩተሽ እንዳልተከፈተልሽ ጽፈሻል። «ቡና አፍልቼ ብጠራቸው ይመጡ ይሆን?» ነው ያልሽው። በዕድሜ የምበልጥሽ ስለሚመስለኝ አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ።

እኛ የ1997 ነባር ተመዝጋቢዎች ነን። ዕጣው የካ አባዶ ወጣልንና በ2008 ገባን። ከዚያ በፊት ሽሮ ሜዳ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ሆነን ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እዚያ ጎረቤት መተዋወቅ የሚባል ሥራ የለም። ሽንኩርት ማቁላላት ስትጀምሪ ምሳሽ ምን እንደሆነ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ኮንዶሚኒየም የገባሁ ቀን የራሴ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ በደስታ አልቅሻለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ዝምታው ያስፈራኝ ጀመር።

ቡናውን አፍዪ፣ ግን በሱ አትጀምሪ። እኔ በሱ ጀምሬ አፍሬያለሁ። ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ፈንዲሻ አፈንድቼ በየበሩ ዞሬ «ቡና ጠጡ» ብል የመጡት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ አንዷም አቦሉን ቀምሳ «ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ክፋት አይደለም። የማያውቁት ሰው ቤት ቡና የጠጣ ሰው በተራው መጥራት አለበት፤ የሷ ቤት ደግሞ ወለሉ ገና ሊሾ፣ ግድግዳው ቀለም ያላየ ነበር። ቤቱን እስኪያስጨርስ ድረስ ሰው የሚሸሽ ብዙ ነው። ስለዚህ እነሱን ባለዕዳ ከማድረግ አንቺ ባለዕዳ ብትሆኚ ይሻላል። መዶሻ ተዋሺ። ውሃው በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስስ የሚወጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ፤ ይሄን ታች ያሉት ሴቶች ያውቁታል። መዶሻውን ስትመልሺ ሁለት ዳቦ ይዘሽ ሂጂ፣ በቃ።

የኔ ትውውቅ የተጀመረው እንዲያውም በጠብ ነው። ሴራሚክ ስናስነጥፍ ሠራተኛው የሻወሩን ቧንቧ አበላሸው መሰለኝ፣ ውሃው ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ሰረገ። አንድ ማለዳ በሩ ተደበደበ፤ ከታችን ያለችው ሴት ሻሿን እንኳ ሳታስር «ውሃችሁ አልጋዬ ላይ እየወረደ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፣ ወርጄ አየሁት። ባለቤቴ «ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ችግር ነው» ብሎ ሊከራከር ሲል በዓይኔ አስቆምኩት። አዲሱን ሴራሚክ አስፈረስን፣ ቧንቧውን አስጠገንን፣ የሷንም ጣሪያ አስቀባን። ለእኛ ያኔ ቀላል ወጪ አልነበረም። ጥገናው እስኪያልቅ ሁለት ቀን ውሃ ስንዘጋ በጀሪካን ያጠጣችኝ ማን ይመስልሻል? ዛሬ የቤቴ መለዋወጫ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። እናንተም ፊኒሺንግ ካልጨረሳችሁ ልንገርሽ፦ አሸዋና ፍርስራሽ ደረጃ ላይ አታሳድሩ፣ መሰርሰሪያውን እሑድ ጠዋት አታስነሱት፣ ሮቶውንም ኮሪደር ላይ አትትከሉት። ኮሪደሩና ደረጃው የጋራ ነው፤ የኮንዶሚኒየም አዋጁም፣ 370/1995፣ የሚለው ይህንኑ ነው። እኛ ብሎክ ሰው የተኳረፈው በሌላ ምክንያት ሳይሆን በሮቶና በጫማ መደርደሪያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዕድር ግቢ። ነገ ዛሬ አትበይ። እኔ «ገና መጥተን፣ ለምን ሞት እንጠራለን» ብዬ አራት ወር አዘገየሁት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ብሎካችን ሥር ድንኳን ተተክሏል። የማላውቃቸው አዛውንት ናቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ የነበሩ። ልለፍ አልለፍ ስል ቆየሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገብቼ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ማንም ማን ነሽ አላለኝም። ንፍሮ ቀረበልኝ፣ ትንሽ ቆይቼ «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር ነበርኩ። ያን ሁሉ ወር በቡና ያልተከፈተው በር በሦስት ቀን ሽንኩርት ተከፈተ። ልቅሶ ቤት የሄደ ሰው እንግዳ አይባልም፤ ሰርግ ካልተጠራሽ አትሄጂም፣ ልቅሶ ግን ጥሪ የለውም። ዕድራችሁ የት እንደሚሰበሰብ ጸሐፊውን ወይም ጥበቃውን ጠይቂ። ዘግይቶ ለሚገባ መግቢያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ክፈዪ። የሴቶች ዕድር ለብቻው ካለ እሱንም አትለፊው፤ ወሬው፣ ሞግዚቱ፣ ጥሩ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሁሉም የሚገኘው እዚያ ነው። ተከራይ ከሆናችሁም አትፈሪ፣ እኛ ዘንድ ተከራይ በደንብ ይገባል።

ለበዓል ቅርጫ የሚያስተባብሩ ካሉ አንድ መደብ ግቡ። ባልሽ የማንንም ስም ሳያውቅ ሌሊት በሬ ሲታረድ አብሮ ካመሸ በኋላ ጠዋት ስድስት ሰው በስሙ ይጠራዋል። ወንዶች ሲተዋወቁ እንዲህ ነው፣ ሥራ ካልሰጠሻቸው አይነጋገሩም።

ሰሃን ስትልኪ ብቻ አስቢበት። ከእኛ በላይ ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፤ ለፋሲካ ሥጋ አልልክላቸውም፣ ድፎ ዳቦና ፍራፍሬ እልካለሁ። እነሱም ለኢድ ሳምቡሳ ሲልኩልኝ ቀኑ ዓርብ ከሆነ ምስሩን ለይተው ነው። ሰሃኑን ባዶውን አትመልሺ፣ ይህንን እናትሽም ነግራሻለች።

ልጅሽን ይዘሽ ደግሞ አሥር ሰዓት ገደማ ታች ውረጂ። ሕፃን የያዘች ሴት ብቻዋን አትቀመጥም፤ «ስንት ወሯ ነው? ለምን ኮፍያ አላደረግሽላትም?» የምትል አንዲት እናት አትጠፋም። ብትቆጣሽም ዝም ብለሽ ስሚያት።

ፊት ለፊትሽ ያለው በር ላይ ግን ከመፍረድሽ በፊት ጥበቃውን ጠይቂው። እኛ ደረጃ ላይ አንድ በር ነበር፣ ሰላምታ የማይሰጡ ኩራተኞች እያልን ሁለት ዓመት ያማናቸው። ባለቤቱ ውጭ ሀገር ነው ያለው፤ ቤቱ ከቁልፍ ርክክቡ ጀምሮ ሰው ገብቶበት አያውቅም።