መልስ፦ ኮርፍ ካስል በእርጅና ነው የፈረሰው?

ግንቡን ያፈረሰው ዕድሜ ነው ወይስ ጦርነት፣ ለልጆችስ ይሆናል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ያደግሁት እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ በግንቡ ስም በሚጠራው መንደር ነው። ግንቡ አርጅቶ አልወደቀም፤ ሆን ተብሎ በባሩድ ፈረሰ። ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሡ ወገን የነበሩት የግንቡ እመቤት ሜሪ ባንክስ እ.ኤ.አ. በ1643 የመጀመሪያውን ከበባ ተቋቁመው ነበር። በሁለተኛው ግን አንድ የራሳቸው መኮንን ከድቶ፣ አጋዥ ጦር ነው ብሎ የጠላትን ወታደሮች አስገባ። በ1646 ግንቡ ተያዘ፣ ፓርላማውም ይፍረስ አለ።

ሁለተኛው በር ላይ ያሉትን መንታ ማማዎች ልብ ብለሽ እዪ። አንደኛው ሳይፈራርስ እንዳለ ቁልቁል ተንሸራትቶ ቆሟል። ልጆች ሳለን አሁን ይወድቅብናል እያልን በዚያ ሥር የምናልፈው በሩጫ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያልፍበት እያየን እንኳን! ድንጋዩም ሜዳ ላይ አልቀረም፤ የመንደሩ ሰው እየለቀመ ቤት ሠራበት። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ድንጋይ ያላቸው ልጆች ጉራቸው አይጣል ነበር።

ለልጆች በደንብ ይሆናል። በአቅራቢያው ካለችው ከስዋኒጅ ከተማ በእንፋሎት ባቡር ብትመጡ ደግሞ ደስታቸው እጥፍ ነው። ዳገቱ ግን ለሕፃን ጋሪ አይመችም፤ ዝናብ ከጣለ ሣሩ ያንሸራትታልና ጥሩ ጫማ አድርጊላቸው።