«አብራሪው ጠፋ» ወይስ «መንገድ ጠፋው»?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የእህቴ ልጅ አብራሪ ነው። አንድ ትልቅ የውጭ አገር ኤርፖርት ካረፈ በኋላ መሬት ላይ መንገድ እንዳስቸገረው አጫወተኝ። ለጎረቤቴ ‹ልጁ ጠፋ› ብዬ ሳወራት ‹ውይ! እዚያው ቀረ?› አለችኝ። ‹መንገድ ሳተ› ስል ደግሞ ልጁ ራሱ ቅር አለው። የቱ ነው ትክክሉ? ለመሆኑስ አየር ላይ ያልጠፋው መንገድ መሬት ላይ እንዴት ይጠፋዋል?»

መልስ፦ ጎረቤትዎም መደንገጣቸው፣ ልጁም ቅር መሰኘቱ ያስኬዳል።

«ጠፋ» ብቻውን ሲቆም የጠፋው ባለቤቱ ነው። ልጁ ከቤት ጠፋ፤ ወታደሩ ከካምፕ ጠፋ። ስለ አውሮፕላን ሲሆንማ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የማሌዥያው አውሮፕላን ጠፋ ሲባል 239 ሰው እንደያዘ ተሰወረ ማለት ነበር።

«መንገድ ጠፋው» ሲሉ ግን የጠፋው መንገዱ ነው። ሰውየው አለ። መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «ው» ነገሩ የደረሰበትን ሰው ታሳያለች፤ ራበው፣ ደከመው፣ ግራ ገባው እንደምንለው። ራበው ተብሎ የሚወቀስ የለም፤ መንገድ የጠፋውም እንደዚያው ነው። «መንገዱ ጠፋበት» የሚልም አለ፤ ስህተት አይደለም። እኔ ግን «ጠፋበት»ን ለስልክና ለቁልፍ ብተወው ይሻለኛል።

«ሳተ» ሌላ ነው። እዚህ ባለቤቱ ሰውየው ነው፣ ድርጊቱም የእሱ ነው። «ስህተት» የሚለውም ቃል ዘመዱ ነው። ልጁን ቅር ያሰኘው ይህ ይመስለኛል። አንድ ተጨማሪ ልዩነትም አለ። መንገድ የጠፋው ሰው መጥፋቱን ያውቃል። የሳተው ግን ላያውቅ ይችላል፤ ልክ ነኝ ብሎ ይሄዳል።

በአቪዬሽን ይህ ልዩነት የሞት የሽረት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2001 ሚላን ሊናቴ ኤርፖርት ጉም ወርዶ ነበር። ሴስና የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን «አር 5» በተባለው መንገድ እንድትሄድ ታዘዘች። አብራሪዎቹ «አር 6»ን ያዙ። ይህኛው አውሮፕላን ተንደርድሮ የሚነሳበትን ዋናውን ማኮብኮቢያ ያቋርጣል። በመሃል የደረሱበትን ምልክት በሬዲዮ ተናግረዋል፤ የኤርፖርቱ የበረራ ተቆጣጣሪ ግን ምልክቱን አላወቀውም፣ ካርታው ላይም አልነበረም። የመሬት ራዳሩ አይሠራም ነበር። ሊነሳ ከሚንደረደር ትልቅ አውሮፕላን ጋር ተጋጩ፤ 118 ሰው ሞተ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ባይሆንም፣ ስለ እነሱ ስንጽፍ ትክክለኛው ግስ «ሳቱ» ነው። ትክክለኛው መንገድ ላይ ያሉ መስሏቸው ነበርና።

እንዴት ይጠፋዋል ላሉት፦ ደሴ ላይ መንገድ ቢጠይቁ «ከሸዋ በር ወደ ላይ» ወይም «ከፒያሳ ወረድ ብለህ» ይባላሉ። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ይበቃል። ትልቅ ኤርፖርት ግን ሜዳ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ስሙም ፊደልና ቁጥር ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቢጫ የተጻፈው ያሉበትን ይነግራል። ቢጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር የተጻፈው ወደየት እንደሚወስድ ያሳያል። ቀይ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቁጥር ከተጻፈ ከፊት ማኮብኮቢያ አለ፤ ያለ ፈቃድ አይታለፍም። ሌሊትና ዝናብ ሲጨመርበት፣ ተቆጣጣሪውም አምስት ስድስት ፊደል በአንድ ትንፋሽ ሲያወርድ ያስቡት። ኮምቦልቻ ላይ ማኮብኮቢያው አንድ ነው፤ ብዙ መታጠፊያ የለም።

ደንቡም ግራ ሲገባህ ቁም፣ ጠይቅ ነው። አብራሪው «ለቦታው እንግዳ ነኝ» ቢል አያፍርም። ተቆጣጣሪው መታጠፊያ በመታጠፊያ ይመራዋል፤ ወይም «ተከተለኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪና ይላክለታል። የእህትዎ ልጅ ቆሞ ጠይቆ ከሆነ «መንገድ ጠፋው» ይበሉለት። ሳያውቅ ሌላ መንገድ ገብቶ ከሆነ ግን «ሳተ» ነው፣ ቢቀየምም።

«ራሱን ሳተ» እንዳይሉ ብቻ። ያኔ ጎረቤትዎ አምቡላንስ ይጠራሉ።